የጥዲቱ ወራጆች

ብሩክ በግንባሩ እንደተደፋ ነበር የተገኘው። ወገቡ ላይ ከባድ የጣሪያ ወራጅ ተጋድሟል። ዋና ኢንስፔክተር ሶፍያ ጫማዋን በሴቶች በር አውልቃ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ገባችና ዞራ አየችው።

ሐኪም ከተባለው ጋራ ግርጌ ያለችውን ይህችን ትንሽ ክብ ቤተ ክርስቲያን የሰፈሩ ሰው «ጥዲቱ» ይላታል። ከግድግዳዋ እስከ ጉልላቷ በጥድ የተሠራች ናት። ሚስማር አልነካትም፤ እንጨቱ ከእንጨት የተጋጠመው ተበስቶ፣ በእንጨት ችንካር ነው። የዛሬዎቹ ምእመናን ቅድመ አያቶች ከሸዋ መጥተው በሰፈሩ ጊዜ ነበር የቆመችው። የሕንፃ ኮሚቴው አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራት ሲነሳ፣ «ትጠገናለች» ብሎ የተከራከረው ይኸው አሁን የሞተው የሕንፃ ባለሙያ፣ ብሩክ፣ ነበር።

«ዛሬ ማለዳ ለኪዳን ስገባ አገኘሁት» አሉ አስተዳዳሪው አባ ወልደ ጊዮርጊስ። «እጁን ብነካው ቀዝቅዟል። ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ምስጥ የበላው እንጨት ወድቆበት ነው፣ ልጄ።»

ሶፍያ ተንበረከከች። የወራጁ አንድ ጫፍ በምስጥ ተበልቶ ዱቄት ሆኗል። ዱቄቱ ምንጣፉ ላይ ተበትኗል፤ ከብሩክ ጉንጭና ደረት ሥርም አለ። ፀጉሩና ጀርባው ግን ከዱቄት ንጹሕ ነው። ቁስሉም ወራጁ ካረፈበት ወገቡ ላይ ሳይሆን ማጅራቱ ላይ ነው።

«አባ፣ ትናንት አይተውት ነበር?»

«ከሰዓት በኋላ ጠመኔ ይዞ መሰላል ላይ ሲወጣ አየሁት። 'ምን ልትሠራበት ነው?' ብለው፣ 'ነገ እነግርዎታለሁ' አለኝ።»

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ለማን እነግራለሁ? ቁም ነገር አልመሰለኝም።»

አስከሬኑን ከሥሩ ስበው እንዲያወጡት፣ ወራጁን ግን ባለበት እንዲተዉት አዘዘች፤ በሩንም አሸገች። ገና ጫማዋን ሳታስር ኮማንደሩ ደወለ።

«ለጣሪያው ድጋፍ እንጨት ያቆመውን አናጢ፣ ነስሮን፣ ይዘነዋል። መዶሻዬ ጠፍቷል ይላል።»

«በምን ማስረጃ ያዛችሁት?»

«ሰው እየተሰበሰበ ነው፣ ሶፍያ። 'እስላም አናጢ ቤተ ክርስቲያን አስገብታችሁ' እያለ ነው። እስከ ነገ ወይ አደጋ ነው በይ፣ ወይ እሱን ክሰሺው።»

ስልኩን ዘጋችው። አደጋ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ነስሮን የሚያስከስስም ማስረጃ የለም፤ እውነቱን ግን ገና አላገኘችውም።

ነስሮን ጣቢያ አገኘችው። እጁን ጭኖቹ መካከል ከትቶ ተቀምጧል።

«የዐስር ሶላት ልሰግድ ወጣሁ፣ እህቴ። መዶሻዬን መሰላሉ ሥር ተውኩት። ብሩክ ብቻውን ቀረ። ወላሂ ሌላ አላውቅም።»

«ድጋፉ ተንሸራቶ ከሆነስ?»

«ሄደሽ እዪው። አንዱም ከቦታው አልተነቃነቀም።»

ሄዳ አየች፤ አንዱም አልተነቃነቀም። ይህን ለኮማንደሩ ብትነግረውም ነስሮን አልፈታውም።

ቀጥላ ወይዘሮ በለጡ ዘንድ ሄደች። ከጥዲቱ አጥር ሥር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ባለፈው ሳምንት ከብሩክ ጋር ሲጣሉ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። መጀመሪያ አልናገርም ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሶፍያ ተነስታ ልትሄድ ስትል ነው የተናገሩት።

«ቅድመ አያቴ በእጁ የሠራት ናት ሲባል ነው ያደግሁት። ይህ ልጅ መጥቶ የበሩን ቅርጽ እያሳየ፣ 'ይህ ጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት የሐረሪ ቤቶች በር ነው፤ የእስላም አናጢ እጅ ነው' አለኝ። ሰደብኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጀጎል ገብቼ በሮቹን አየኋቸው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አልዋሸም። ልነግረው ነበር።»

«ጣሪያው ከዚህ በፊት ተነክቶ ያውቃል?»

«ቆርቆሮው ሲቀየር። የመራው አቶ ኤልሳዕ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ማንንም አላስገባም።»

የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኤልሳዕ አዲስ በሠሩት ቤታቸው ተቀበሏት። የሳሎኑ ጣሪያ በወፋፍራም ጥቁር እንጨቶች የተዋበ ነው፤ ቤቱ ደስ የሚል የእንጨት ሽታ አለው።

«ከእሑድ ቅዳሴ ወዲህ እዚያ ደርሼ አላውቅም፤ ለቅሶ ላይ ነበርኩ» አሏት። «ምስኪን! ራሱ ምልክት ያደረገበት እንጨት ገደለው። እንዲህ ያረጀን ጥድ ከምስጥ ምን ያስተርፈዋል? ይፍረስ ስል ሰሚ አጣሁ።»

ሶፍያ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። እንጨቶቹ ጫፍና ጫፋቸው ላይ ክብ ቀዳዳ አላቸው፤ በቀዳዳው የገባ ምንም ነገር የለም።

ወደ ጥዲቱ ተመልሳ፣ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ወራጁን ገለበጠችው። ምንጣፉን ነክቶ በነበረው ፊቱ ላይ የጠመኔ መስቀለኛ ምልክት አለ። መሰላል አስደግፋ ወጣች። ሌሎችም ምልክት ያላቸው ወራጆች አሉ። ምልክት የሌለውን በጥፍሯ ፋቀችው፤ የኤልሳዕ ሳሎን ሽታ ሸተታት። ምልክት ያለውን ፋቀችው፤ ምንም አይሸትም። መሰላሉ ላይ እንደቆመች ግንባሯን እንጨቱ ላይ አሳረፈች። መልሱ አንድ ቀን ሙሉ አፍንጫዋ ሥር ነበር።

በማግስቱ ሁሉንም ደጀ ሰላሙ ጋ ሰበሰበች። ነስሮ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ኮማንደሩ ሰዓቱን ያያል፤ ከአጥሩ ውጭ ሕዝቡ ያጉረመርማል።

«ብሩክ የሞተው እንጨት ወድቆበት አይደለም» አለች ሶፍያ። «ምስጥ የበላው እንጨት ሲወድቅ ዱቄቱ ይዘንባል። ዱቄቱ ከብሩክ ሥር ነበር እንጂ ከላዩ አልነበረም። ስለዚህ ወራጁ ሲወርድ ብሩክ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ነበር። ከዚያ ማጅራቱን ተመታና ዱቄቱ ላይ ወደቀ። ወራጁን ያስተኛበት ሰው ነው።»

«ድጋፉስ?» አለ ኮማንደሩ።

«ሁሉም ቆሟል፤ ትናንት ነግሬሃለሁ። ቀጥሎ፣ ጥድ ምስጥ አይደፍረውም። የወደቀው ባሕር ዛፍ ነው። ብሩክ ጥድ ያልሆኑትን ወራጆች ለይቶ በጠመኔ ምልክት አደረገባቸው፤ ሁሉም ባሕር ዛፍ ናቸው። ቆርቆሮው ሲቀየር አንድ ሰው ጥዱን አውርዶ ባሕር ዛፍ ሰቅሎበታል።»

አባ ወልደ ጊዮርጊስ ቀስ ብለው ወደ ኤልሳዕ ዞሩ።

«ያረጀ ጥድ ነው ብለውኛል፣ አቶ ኤልሳዕ» አለች ሶፍያ። «በዚህ ብቻ ቢሆን ተሳስተዋል እል ነበር። ግን ሳሎንዎ ይሸታል፤ የጣሪያዎ እንጨቶችም ለእርስዎ ቤት ምንም የማይሠራ የችንካር ቀዳዳ አላቸው። ልኬቱን ወስጄ ከዚህ ጋር አስተያይቻለሁ፤ ገጥሟል።»

«እንጨት ወሰደ ማለት ሰው ገደለ ማለት ነው?» አሉ ኤልሳዕ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«አይደለም። ነገር ግን ራሱ ምልክት ያደረገበት እንጨት ገደለው አሉኝ። ብሩክ ምልክቱን ያደረገው በሞተበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለምን እንደሆነ ለአባም አልነገራቸውም። ወራጁ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ምልክቱ ከሥር ነበር፤ እኔ እስክገለብጠው ማንም አላየውም። ከእሑድ ወዲህ አልመጣሁም ያሉት ሰው እንዴት አዩት?»

ኤልሳዕ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«እሱ ነው የጠራኝ» አሉ። «ወራጁ ላይ ገመድ አስሮ ፊቴ ሳበው፤ በስብሶ ነበርና ወረደ። 'እሑድ ለምእመኑ ራስዎ ይንገሩ' አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። መዶሻው እግሬ ሥር ነበር። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ታገኙታላችሁ።»

ወሰዷቸው። ወይዘሮ በለጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ። ሶፍያ እፎይታ ጠብቃ ነበር፤ አልመጣም። ከሰበካ ጉባኤው አንዱ ገና ሰው ከደጀ ሰላሙ ሳይበተን «ታዲያ ጣሪያው አደገኛ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ መፍረሷ አይቀርም» ሲል ሰማችው። የብሩክ የጠመኔ ምልክት ለዚህም ማስረጃ ሊሆን ነው።

ነስሮ ተፈታ። በሩ ላይ የነበረው ሕዝብ መንገድ ከፈተለት፤ ዓይኑን ያየው የለም። አባ ወልደ ጊዮርጊስ ብቻ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተከተሉት።

«ነስሮ፣ ይቅር በለን።»

«እኔ ይቅር ብያለሁ፣ አባ» አለ። «ልጄ ሳዳ ግን ይቅር ማለቷን አላውቅም። ሲወስዱኝ አይታለች። 'አባቴ ሰው ገደለ?' እያለች ስትጠይቅ ነው የተውኳት።»

ሶፍያ የመኪናውን በር ከፈተች።

«ግባ፤ አብረን እንሄዳለን።»

እስከ ነስሮ ሰፈር፣ እስከ ሸዋ በር ድረስ ነዳች። ቤቱ ሲደርሱ የከፈተችላቸው ሳዳ ናት፤ የሶፍያን የፖሊስ ልብስ ስታይ ወደ ኋላ አለች። ሶፍያ ኮፍያዋን አውልቃ በርከክ አለችና፣ ነስሮ ሳይናገር እሷ ቀድማ፣

«ሳዳ፣ የተሳሳትነው እኛ ነን» አለቻት።