ጭንቅላቷ የጠፋባት ወፍ

«ሆዴን እየቆረጠኝ ነው» አለ ሆልገር፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ተማሪዎቹን ለጉብኝት የያዘችው ጀልባ ከወደቡ ገና መነሳቷ ነበር። አስታ ከላይ እስከ ታች አየችው። በአንድ እጁ ሆዱን ይዞ፣ በሌላው ጥቁር ከረሜላ ከከረጢቱ እያወጣ ይበላል።

«ተነቅቶብሃል» አለችው። «ምን ሆነሃል ግን? አምና በበጋ ወደዚህ ደሴት ካልሄድን እያልክ ስትነዘንዘን የነበርከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«አሁን ሰለቸኛ! ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ የትም አይሄድም።»

«እሺ፣ እዚያው ጀልባው ላይ ቅርና የንስን ጠይቀው።»

ሆልገር ጠይቆ ነበር። የስምንተኛ ክፍል አስተማሪያቸው የንስ ግን በአምስት ደቂቃ መንገድ ማንም በባሕር ታሞ አያውቅም ብሎ ስቆበታል። አስታም ሳቀች። የዛሬዋን ቀን ለወራት ስትጠብቅ ስለነበር የሆልገር ኩርፊያ ደስታዋን ሊያበላሽባት አልቻለም። ቦርሳዋ ውስጥ ከሳንድዊቹ ሥር የአያቷ መዶሻ አለ።

አያቷ ኤይናር ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ፣ በበጋው እሑድ እሑድ፣ እዚህ ደሴት እየመጣ ቅሪተ አካል ሲፈልግ ድንጋይ ሲፈልጥ ኖሯል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዳነክሬ። በአገሩ ሕግ በጣም ብርቅ የሆነ ቅሪተ አካል ያገኘ ሰው ለመንግሥት ማስረከብ አለበት። ዳነክሬ የሚባለው እንዲህ ያለው ግኝት ነው። ሙዚየሙ ደግሞ ያገኘውን ሰው ስም ከግኝቱ ጎን ይጽፋል። «አንድ ቀን ስሜን እዚያ ግድግዳ ላይ ታነቢዋለሽ» ይላት ነበር። ሳያገኝ ባለፈው ኅዳር ሞተ።

ሙዚየሙ ሸክላ አፈር ከሚቆፈርበት ትልቅ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው። ከታች ቢጫው መቆፈሪያ ማሽን ነጣ ያለውን የሸክላ ገደል እየገመጠ ወደ መኪና ይጭናል። ቦዲል የምትባለው የሙዚየሙ ባለሙያ ጭቃ ባልለቀቀው ቦት ጫማ ተቀበለቻቸው።

«ይሄ ሁሉ አፈር ከሃምሳ አምስት ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል ነበር» አለች። «አሁን ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አለ?»

«ለጡብ?» አለ አንዱ።

«አብዛኛው ተፈጭቶ ወደ ድመት መጸዳጃ ሣጥን። እኛ የምንሮጠው ከማሽኑ ቀድመን ነው። ከዘገየን አንድ የጥንት ዔሊ ወይም ዓሣ ላይ የሰው ድመት ትሸናበታለች ማለት ነው።»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። «የኛ ድመት ስንት ዓሣ ላይ ሸንታ ይሆን!» አለ አንዱ ከኋላ። የንስ እንኳ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። አስታም ከሁሉ ፊት ፊት እየሄደች ወደ አዲሱ ክፍል ገባች።

መሐል ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ ድንጋይ ብቻ ተቀምጧል። ድንጋዩ ላይ ወፍ አለች። ክንፏ ተዘርግቷል፤ ቀጫጭን እግሮቿ ተጣጥፈዋል፤ የላባዋ ጥላ እንኳ ሳይቀር ይታያል። አንገቷ ጋ ሲደርስ ግን ድንጋዩ ባዶ ነው።

«ይቺ የዓመቱ እንግዳችን ናት» አለች ቦዲል፣ ድምፅዋ ላይ ኩራት እየተሰማ። «አሥር ወር በማጉሊያ ሥር ስናጸዳት ነው የከረምነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ሲፈለጥ ለሁለት ነው የሚከፈለው፤ ጭንቅላቷ የቀረው በሌላኛው ግማሽ ላይ ነው። እሱ ደግሞ የለም። ስለዚህ ምን ዓይነት ወፍ እንደሆነች፣ ምን ትበላ እንደነበር፣ ዓለም ላይ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። እናንተ ገምቱ!»

ግድግዳው ላይ ጭንቅላቷ ባዶ የተተወ የወፏ ሥዕል የታተመባቸው ወረቀቶች ተደርድረዋል። ጎብኚዎች የመሰላቸውን ጭንቅላት ሥለው ሰቅለዋል፤ የዳክዬ፣ የበቀቀን፣ አንዱ ደግሞ መነጽር ያደረገ የሰው ፊት። ልጆቹ እርሳስ ለመያዝ ተጋፉ።

አስታ አልተንቀሳቀሰችም። የምታየው የድንጋዩን ጠርዝ ነበር። በወፏ አንገት በኩል ሁለት ጥቁር የእሳተ ገሞራ አመድ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ቀጥሎ ቦት ጫማ የመሰለ ስብራት፣ ከሥሩም ጠርዙ ላይ የምትቋረጥ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ። ይሄንን ስብራት በጣቷ ታውቀዋለች። ክረምቱን ሙሉ ስትዳስሰው ነው የከረመችው፤ አልጋዋ አጠገብ መስኮቱ ላይ ባለው ድንጋይዋ ጠርዝ ላይ።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ሦስቱም እዚሁ ደሴት ላይ ሲፈልጉ፣ አያቷ አንድ ድንጋይ መታና ለሁለት ተከፈለ። የመጨረሻው ድንጋዩ ነበር። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ወደ ፀሐይ አቅርቦ አየና «የዓሣ አጥንት ነው መሰለኝ» ብሎ አንዱን ግማሽ ለሆልገር፣ አንዱን ለእሷ ሰጠ። የእሷ ላይ ክብ ነገር አለ፤ ከክቡ ማጭድ የመሰለ ቀጭን ነገር ይወጣል። ማንኪያው ትለው ነበር። አሁን ማንኪያው ምን እንደሆነ ገባት። ዓይንና መንቁር!

ዓለም ላይ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም ብላ ነበር ቦዲል። «እኔ አውቃለሁ!» ብላ ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ከሣጥኑ ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበች።

«ያገኛት፦ ሆልገር ብሩን፣ 13 ዓመት፣ ብቻውን ሲፈልግ። ሌላኛው ግማሽ ተሰባብሮ ጠፍቷል።»

ዞር ስትል ሆልገር በሩ ጋ ቆሟል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

ከምሳ በኋላ ተማሪዎቹ በሙሉ መከላከያ መነጽር አድርገው ለጎብኚዎች በተፈቀደው የድንጋይ ክምር ላይ ወጡ። መዶሻ ከየአቅጣጫው ይንኳኳል፤ «አገኘሁ! አይ፣ ቅጠል ነው!» የሚል ጩኸት ይሰማል። አስታ ሆልገርን በጃኬቱ እጅጌ ጎትታ ከክምሩ ጀርባ ወሰደችው።

«ብቻህን?» አለችው። «ብቻህን ነበርክ?»

«አስታ፣ ላስረዳሽ...»

«አርባ ዓመት፣ ሆልገር! አርባ ዓመት ሙሉ ስሙን እዚያ ለማየት ሲቀጠቅጥ ኖሮ፣ በመጨረሻ ያንተ ስም!» በጣቷ ወደ ሙዚየሙ ጠቆመች። «እዚህ እያመጣ ሳንድዊቹን ሲያካፍልህ የነበረን ሰው!»

ሆልገር መነጽሩን አወለቀ። «ላባውን ያየሁት ከቀብሩ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ለእናቴ አሳየኋት፤ በማግስቱ ይዛኝ መጣች። ቦዲል ከማን ጋር እንደነበርኩና ሌላው ግማሽ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። የአያትሽን ስም ብናገር ቀጥታ እናንተ ቤት ነው የሚመጡት። ያን ድንጋይ ደግሞ ትዝ ይልሻል? አቅፈሽው ነበር የምትተኚው። ትምህርት ቤት እንኳ ይዘሽው ትመጪ ነበር። ሊወስዱብሽ ነዋ! ሕግ ነው። በቃ፣ ተሰባብሯል አልኩ።»

አስታ እጅጌውን ለቀቀች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ አንቺም ትዋሺ ነበራ። ለአንድ ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አሥር ወር ሆነ።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ሆዴን የምር ነው የሚቆርጠኝ።»

ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ። ስለ እሷ ሲል ነው የዋሸው። ንዴቷ ግን ጨርሶ አልበረደም፤ ሁለቱም ስሜት አንድ ላይ ነበሩ።

«አሁንም የሚያውቅ የለም» አለ ሆልገር ዝግ ብሎ። «ካልፈለግሽ አፌን እዘጋለሁ። ከፈለግሽ ደግሞ እኔ ራሴ እናገራለሁ፤ የሚመጣብኝን እችላለሁ። ድንጋዩ ያንቺ ነው።»

አስታ የአያቷን መዶሻ አውጥታ ያዘችው። እጀታው እሱ በሚጨብጥበት ቦታ ላይ ለስልሷል። ድንጋዩን ከሰጠች ማታ ማታ የምትዳስሰው ነገር አይኖራትም። ባዶውን የመስኮት ደፍ አሰበች። ካልሰጠች ግን ኤይናር ክሮግ ምንም ሳያገኝ የሞተ ሽማግሌ ሆኖ ይቀራል። እሱ ደግሞ አግኝቷል! በእጁ ይዞ፣ ወደ ፀሐይ አቅርቦ፣ ሳያውቅ ሰጥቷታል።

የንስ ፊሽካውን ነፋ። «አሥራ አምስት ደቂቃ! ጀልባው ማንንም አይጠብቅም!»

አስታ ሮጠች። ወዴት እንደምትሮጥ ያወቀችው የሙዚየሙን በር ከገፋች በኋላ ነው። ሆልገር እያለከለከ ተከተላት። አዲሱ ክፍል ውስጥ ቦዲል ብቻዋን የወዳደቁ እርሳሶች ትለቅማለች።

አስታ አንድ ወረቀት አነሳች። ማሰብ አላስፈለጋትም፤ እጇ ያውቀዋል። መጀመሪያ ክቡን ዓይን፤ ከዚያ ቀጭኑን መንቁር፣ ጫፉ ወደ ታች ጎበጥ ብሎ፤ ከሥሩ ፀጉር የምታክለውን ስንጥቅ። ወፏ ከሃምሳ አምስት ሚሊዮን ዓመት በኋላ ቀና ብላ አየቻት።

ከወረቀቱ ግርጌ ስምና ዕድሜ የሚጻፍበት መስመር አለ። ስም በሚለው ላይ ኤይናር ክሮግ ብላ ጻፈች። ዕድሜ በሚለው ላይ ሰማንያ አንድ።

ሆልገር በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አነበበ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ መስቀያውን አቀብለኝ።»

አቀበላት። ወረቀቱን ከዳክዬውና ከበቀቀኑ መሐል ሰቀለችው።

ቦዲል ልታደንቅላት ፈገግ ብላ ቀረበች። ፈገግታዋ ወዲያው ጠፋ። ዓይኗን ከሥዕሉ ወደ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ መልሳ ወደ ሥዕሉ ወሰደች። ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ስንጥቅ ሥዕሉ ላይ ቀጥላለች፤ ጣቷን አሳረፈችባት።

«ይሄንን ከየት አመጣሽው?» አለች በሹክሹክታ። «ኤይናር ክሮግ ማነው?»

«አያቴ ነው» አለች አስታ። «ወፏን ያገኛት እሱ ነው።»