ዜሮ ያልደረሰው ሊፍት

መቅደላዊት ከምሳ በኋላ ገርጂ ባለው አዲስ ፎቅ ግራውንድ ላይ፣ ከሊፍቱ በር አጠገብ፣ ላፕቶፗን የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ዘርግታ እንደ ሰሞኑ ሁሉ ሊፍቱን እያወጣችና እያወረደች ትሞክር ነበር። የሊፍቱን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። የሊፍት ጠጋኙ ጋሽ አንለይ ሊፍቱ ከመሬት እንዳያልፍ የሚያግደውን የታችኛውን ማቆሚያ ለጥገና ፈተው ሊፍቱ ውስጥ ገብተዋል፤ በመገናኛ ሬዲዮ ያነጋግሯታል። ሊፍቱ ወደ መሬት ሲቃረብ ፕሮግራሙ ከቀረው ከፍታ ላይ በየዙሩ አንድ አስረኛ ሜትር ይቀንስና ልክ ዜሮ ሲሆን ያቆመዋል።

አሁን ግን አላቆመውም። ቁጥሩ ዜሮ መሆን ሲገባው ከነጥቡ በኋላ አሥራ አምስት ዜሮ ደርድሮ መጨረሻው ላይ ትርፍራፊ ለጠፈና ከዜሮ በታች ወረደ። እኛ አንድ ሦስተኛን በነጥብ ስንጽፍ ሦስቱ እንደማያልቅልን ኮምፒውተርም አንድ አስረኛ አያልቅለትም፤ ቆርጦ ይይዘዋል፣ ስህተቱም በየዙሩ ይጠራቀማል። ይህን ጀማሪ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። እሷ ግን ርክክቡ ነገ ነው ብላ ስትጣደፍ «እኩል ከሆነ ቁም» ብላ ጽፋ አለፈች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ከሊፍቱ ሥር ያለው ጉድጓድ ሜትር ተኩል ነው፤ ከዚያ በታች አለት ነው። ቁጥሩ ግን አምስት ሜትር፣ ከዚያ አሥራ አንድ ሜትር ከመሬት በታች አለ። ስክሪኑ ተሳስቷል ብላ ረገመችው። ዳሩ ግን ገመዱ ከበሩ ጀርባ ሳያቋርጥ እየተፈታ ይንሿሿል፣ በበሩ ስንጥቅ ደግሞ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ የረጠበ አፈር ሽታ ይወጣል፣ አጎንብሳ ብታይ ከጨለማ በቀር ምንም የለም።

«መቅዲ ልጄ፣ ገና እየወረደ ነው» አሉ ጋሽ አንለይ። «በጣም ይበርዳል።»

የሊፍቱን ኤሌክትሪክ ብታቋርጠው ከዚያ ጥልቀት ማን ያወጣቸዋል? ፕሮግራሙ ሳይቆም የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ ጋር ምን ያህል ቢቀራረብ እንደ እኩል ይቆጠር የሚለው። የፀጉር ያህል ፈቀደችለት። እምቢ አለ። ስንዝር ፈቀደችለት። እምቢ አለ። በንዴት መቶ ሜትር ብላ ጻፈች፤ ከተቀራረበ ይበቃል።

ሊፍቱ ቆመ። በሩ ሲከፈት በሬዲዮው ሰማች። ጊዜ ሳታጠፋ ወደ ላይ ጠራችው።

ጋሽ አንለይ ፈገግ ብለው ወጡ። እንባዋ እየመጣ አቀፈቻቸው። ቱታቸው ቀዝቅዟል፤ አንገታቸው ጥቂት የረዘመ መሰላትና ድንጋጤ ነው ብላ ተወችው። እሳቸውም ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

ያን ጊዜ ሬዲዮው ከእጇ ውስጥ ተናገረ፦ «መቅዲ ልጄ፣ እኔ ተመልሼ ሳልገባ ሊፍቱን ለምን አስነሳሽው?»