ውሃ የጠጣው የድኝ ክዳን

ያረጋልን ከወርክሾፑ ጓሮ፣ ከፍሳሽ ጉድጓድ ሞቶ አወጡት። የጉድጓዱ ክዳን ከእግሩ ሥር ተሰብሮ ነበር። ወርክሾፑ ክዳን የሚሠራው ከድኝ ነው፤ ቡታጅራ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ የለም፤ ሲሚንቶ የለው፣ ውሃ የለው፤ ድኝ ቀልጦ ከጠጠርና ከድንጋይ ዱቄት ጋር ይፈሳል። ክፍተቱን ሞልቶ የሚያጠነክረው ዱቄቱ ነው።

መርማሪዋ ከድጄ ስትደርስ የድንጋዩን ዱቄት የሚያቀርበው ባለወፍጮ ሸረፋ በካቴና ታስሯል።

«ገዳዩ ይኸውልዎ» አለ የሟቹ የሥራ ባልደረባ አምሀ። «ዋልካ አፈር ፈጭቶ ዱቄት ነው ብሎ ላከልን።»

«ዱቄት ካነሰህ ምላስህን ልፍጭልህ» አለ ሸረፋ።

ከድጄ ከክዳኑ ስባሪ አንዱን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመረች። መጋዘን ካሉት ጆንያዎችም ዱቄት ዘግና በሌላ ብርጭቆ በጠበጠች። ከዚያ የሟቹን ሚስት ዘርፈሽዋልን ጠየቀቻት።

«ክዳኑን ማን ሠራው?»

«አምሀ። ያረጋል አምስት ቀን ወልቂጤ ነበር፤ አዲሱን ወርክሾፕ ሸረፋ እንዲመራው ሊያስረክበው።»

«አምሀስ?»

«ደክሞበታል። ሰው እንዳይረግጠው በገመድ አጠረው። ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጣው ነበር። ዛሬ ገመዱን ፈትቶ ያረጋልን ‹ና እየው› አለው።»

በማግስቱ ሁሉም ጓሮው ውስጥ ቆሙ። ስባሪው አብጦ ተሰነጣጥቋል። የጆንያው ዱቄት ግን ሳያብጥ ብርጭቆው ሥር ረግቶ ተኝቷል።

«ጆንያዎቹ ንጹሕ ናቸው» አለች ከድጄ። «ዋልካው ያለው ክዳኑ ውስጥ ነው።»

«ያ ጆንያ አልቋል። እኔ በምን ልወቅ?»

«እስከዚህ ድረስ አንተን የሚያስይዝ የለም። ዋልካ ያለበት ድኝ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ሰው ይሸከማል። ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ከውስጥ ይሰነጠቃል። ወቅቱ በጋ ነው፤ ውሃውን ከየት አገኘ?»

«ግንበኛ ያጠጣል» አለ አምሀ።

«ሲሚንቶ ያጠጣል። ድኝ ሲቀዘቅዝ አለቀ፤ በማግስቱ ይረገጣል። ስንት ዓመት አቀለጥክ?»

«ሰባት» አለች ዘርፈሽዋል።

«በሰባት ዓመት ስንት ክዳን አጠጣህ?»

አምሀ ስባሪው ካለበት ብርጭቆ ዞር አለ።

«ጎረቤቱ አይቶህ ትጉህ ነው አለ። ድኝ ውሃ እንደማይሻ የምታውቁት አንተና ያረጋል ብቻ ነበራችሁ። እሱ ደግሞ ወልቂጤ ነበር።»

«የወልቂጤውን ወርክሾፕ ለእኔ ነበር ያለኝ» አለ አምሀ። «ለባለወፍጮው ሰጠው።»

ካቴናው ከሸረፋ እጅ ወደ አምሀ ተዛወረ። ሸረፋ ማንንም አላመሰገነም።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«አንተን በመሾሙ ነው የሞተው» አለች ዘርፈሽዋል። «አትምጣ።»

«እመጣለሁ» አለ ሸረፋ።