ገመዱ ላይ የተኛው አርጃኖ

በጎዝማር መንግሥት፣ ንጉሥ ሰርዶን በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ የኩልሚት ወንዝ ድልድይ ሊጀመር የመለኪያ ገመድ በተጣለበት ረፋድ አንድ አርጃኖ ከውኃው ወጥቶ ገመዱ ላይ ተኛ። ርዝመቱ ሦስት ክንድ ሲሆን ቅርፊቱ እንደ ብርሌ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ለሥራው መጀመሪያ ይመታ የነበረው ከበሮ ቆመ። ጠንቋዮቹ ምልክት ነው አሉ፤ የምን ምልክት እንደሆነ ግን፣ እንደ ልማዳቸው፣ የንጉሡን ፊት አይተው እስኪረዱ ድረስ አልተናገሩም።

ጎዝማሮች አንድ የቆየ ሕግ አላቸው። መሬት ሲለካ ተበደልኩ ባይ በተወጠረው ገመድ ላይ ይተኛል። እርሱ ተኝቶ ሳለ ንጉሥም ቢሆን ገመዱን አይሻገርም። ለተኛው ዋስ ይጠራለታል፤ ዋሱም በሦስት ቀን ውስጥ ማስረጃ ያቀርባል። ሕጉ ታዲያ ጅል አይደለም፤ «ገመድ ያቆመ ገመድ ያስኬዳል» ብሎ ይጨርሳል። ሥራውን ያስቆመው ዋስ፣ ሥራው በየት በኩል እንደሚያልፍ ራሱ ማሳየት አለበት፤ ካላሳየ ገመዱ ባለበት ይሄዳል። ስለዚህም በጎዝማር በከንቱ የሚተኛ ጥቂት ነው።

የድንጋይ ጠራቢዎቹ አለቃ፣ ሊቀ ጠራቢ ድምጡ፣ ዱላውን አነሣ።

«ይህን እንሽላሊት ከፊቴ አንሡልኝ! ክረምት ሊገባ የቀረው አርባ ቀን ነው!»

«በሕግ አምላክ!»

ሁሉም ባለበት ቆመ። የጮኸችው የገመዱን ጫፍ የያዘችው አድማሲት ነበረች፤ ሙያውን ከአባቷ ከማዕዘኑ የተረከበች የመንግሥቱ ገመድ ጣይ። ባለፈው ክረምት ኩልሚት ከወሰዳቸው አሥራ አንድ ሰዎች አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነበር። አስከሬኑ ስላልተገኘ ማዕዘኑ እስከ ዛሬ በየቀኑ ደጃፉ ላይ ቁርበት አንጥፎ ወንዙን ሲመለከት ይውላል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ድልድዩን ከአድማሲት አብልጦ የሚፈልግ አልነበረም።

«ምን ሆንሽ?» አላት ንጉሡ።

«ንጉሥ ሆይ፣ የተኛ አለ። ሕጉ ‹ገመድ ላይ የተኛ ይሰማ› ይላል እንጂ ‹የተኛ ሰው› አይልም።»

ሕጉ ወጥቶ ተነበበ፤ እውነትም አይልም። ሕዝቡ ሳቀ። ንጉሡ ግን በሕግ ፊት መሳቅ አይወድም ነበር።

«መልካም። የአርጃኖው ዋስ ማነው?»

ወንዙ ዳር ያለው አሸዋ አርጃኖዎቹ ዕንቁላላቸውን የሚቀብሩበት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሌላው ወንዝ ሁሉ አሸዋ ለቤተ መንግሥትና ለግንብ ተግዞ አልቆ፣ በመላው ጎዝማር የቀራቸው ይህ ብቻ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ዋስ የሆነ ግን አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለች አድማሲት፣ አንገቷን ደፍታ።

የጎዝማርን ጥንት የሚያውቀው በኩልሚት ምንጭ ላይ ያለው ዘንዶ፣ ናዶ፣ ብቻ ነበር። አድማሲት ማስረጃ ፍለጋ ወደዚያ ስትነሣ ንጉሡ ድምጡን ታዛቢ አድርጎ አብሮ ላከው። ድምጡም መንገዱን ሙሉ ሲነጫነጭ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ የሟቾች ነፋስ ወደሚነፍስበት ገደል ደረሱ። ያ ነፋስ በሚያውቁት ሰው ድምፅ ይጣራል።

«እቴ ዓለም፣ ገመድ ወርውሪልኝ! ውኃው ወሰደኝ!»

የወንድሟ ድምፅ ነበር። አድማሲት ሳታስበው ለጉዞ የያዘችውን ገመድ ከትከሻዋ አወረደች፤ አንድ እግሯም ወደ ገደሉ አፋፍ ተራመደ። ድምጡ መቀነቷን ጨብጦ ያዛት።

«ልጄ፣ ባለፈው ክረምት አልደረስሽለትም። ዛሬም አትደርሽለትም።»

አለቀሰች፤ እርሱም እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያም ገመዱን በራሷና በእርሱ ወገብ ላይ አስራ ተሻገሩ። ከዚያ ወዲያ ድምጡ አልተነጫነጨም።

በዋሻው ደጅ የድንጋይ ሰዎች ቆመው ነበር። ድምጡ አንዱን በጣቱ መታ መታ አደረገና ፊቱ ተለወጠ።

«የመሮ ምልክት የለበትም። ይህን ሰው አልጠረበውም» አለ።

«በፊቴ የዋሹ ናቸው» አለ ከውስጥ የናዶ ድምፅ። ጨለማው ውስጥ ሁለት ቢጫ ዓይኖች ተገለጡ። «አንቺ ስለ አርጃኖ ትሟገቻለሽ። ትወጃቸዋለሽን?»

«አልወዳቸውም። ሲሳቡ ሳይ ይሰቀጥጠኛል። እኔ የምወደው ድልድዩን ነው።»

«ታዲያ ስለ ምን?»

«ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ለወንድሜ ብዬ ሕጉን ብዘልለው፣ ነገ ሌላው ለበሬው ብሎ ይዘልለዋል። ደግሞም እነርሱ ሌላ ቦታ የላቸውም። እኛ አለን።»

«የት?»

አድማሲት ዝም አለች። ዝም ባለች መጠን የግራ እግሯ ጣቶች እየቀዘቀዙ፣ እየከበዱ ሄዱ። ቁልቁል ስታይ ግራጫ ድንጋይ ሆነዋል።

«ተናገሪ እንጂ!» ብሎ ጮኸ ድምጡ።

«ከአሸዋው ሽቅብ መቶ ሃምሳ እርምጃ ላይ አለት አለ!» አለች። «የለካሁት እኔ ነኝ፤ ድልድይ የሚሸከም ነው። አለቱ ላይ ያለው የአባቴ ቤት ነው፤ መንገዱ በደጃፉ ያልፋል። አባቴ ልጁን የሚጠብቅበትን ደጃፍ ላለማፍረስ ብዬ አለቱን ደብቄ፣ ለንጉሡ አሸዋውን አሳየሁት!»

ድንጋዩ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሳይደርስ ቆመ። ናዶ አንድ የሸክላ ገበታ ገፍቶ ሰጣት። በላዩ የመጀመሪያው ንጉሥ መዳፍና የአርጃኖ እግር ጎን ለጎን ታትመዋል፤ ከሥራቸው «አሸዋው የእናንተ፣ ውኃው የጋራ» ተብሎ ተጽፏል።

«እግርሽ እንዲሁ ይቀራል» አለ ዘንዶው። «ዝምታም ከውሸት ይቆጠራል።»

ሲመለሱ ድምጡ ደግፏት ይሄድ ነበር። ብዙ ከተጓዙ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስለ አለቱ የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ» አለ። «‹ሌላ ቦታ አጣሁ› ብትይ ገመዱ ባለበት ይሄዳል። ድልድዩ ይሠራል፣ አባትሽም በደጃፉ ይቀመጣል።»

«አርጃኖዎቹስ?»

ድምጡ ከፊቷ ያለውን ጠጠር በእግሩ ገፋላት።

«አባቴ ‹በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች› እያለ ነው ያሳደገኝ» አለች። «ይህን ከእርሱ ተምሬ እንዴት ስለ እርሱ ብዬ ፍርድ አጓድላለሁ?»

በሦስተኛው ቀን በንጉሡ ፊት ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ መደበቋንም ጭምር። ንጉሡ ገበታውን፣ ቀጥሎም እግሯን ሲመለከት ቆየ።

«ስለ መደበቅሽ አንቺን በመቅጣት ዘንዶው ቀድሞኛል» አለ። «ገመዱን አንቺው ጣይ። ነገር ግን ሕጉ ለአባትሽም ሕግ ነው፤ ቢተኛ ይሰማል።»

ቢተኛ ደግሞ ሥራው ይቆማል፤ ክረምቱ ይቀድማል፤ ኩልሚትም እንደ ልማዱ ሰው ይወስዳል። ይህ ለማንም አልተሰወረም።

በማግስቱ ረፋድ አድማሲት እያነከሰች ገመዱን ከአርጃኖዎቹ አሸዋ አንሥታ ከወንዙ አፋፍ እስከ ቤታቸው፣ በደጃፉ አሳልፋ ዘረጋች። አባቷን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ማዕዘኑ ቁርበቱን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወጣ። ከበሮው ዝም አለ፤ ድምጡ ቆቡን አወለቀ። ሽማግሌው ገመዱ አጠገብ ደርሶ ቆመና ወንዙን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያም በጉልበቱ ተንበረከከ።

አንድ ጣቱን ገመዱ ላይ አሳርፎ እንደ ድሮው ነካ ነካ አደረገው።

«ረግቧል፣ ልጄ» አላት። «እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ? ወጥሪው።»

ተነሥቶም ገመዱን ተሻገረና ቁርበቱን ከወዲያ ማዶ አነጠፈ።

አድማሲት ገመዱን ወጠረችው።