ኡካ መንገድ ላይ ያልነበረው በረዶ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነሥተው ከሚሄዱት ወገን ነበርኩ፣ ጂን ታየን፣ የሙት ድምፅ ሰማን ሲሉኝ እስቅ ነበር፣ ሥራዬም እኮ ደመና ማየት ነው፣ መቱ ከተማ ውስጥ አንድ ቢሮ ተቀምጬ ሳተላይትና ራዳር የሚልኩትን ምስል ሶፍትዌር ላይ እጭናለሁ፣ ሶፍትዌሩ አደገኛ ያለውን ደመና በቀይ መስመር ይከብበዋል፣ ወዴት እንደሚሄድ በቀስት ያሳያል፣ እኔ ደግሞ ለየወረዳው ስልክ እደውላለሁ፣ በቃ፣ ይኼ ምኑ ላይ ነው ሰይጣን የሚገባበት?

ጋሼ ግርማ የሚባሉ ባልደረባ ነበሩኝ፣ በየገጠሩ የተተከሉትን የዝናብ መለኪያዎች በሞተር ሳይክል እየዞሩ የሚጠግኑ፣ ጡረታቸው የተቃረበ፣ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ትንፋሽ የሚደባልቁ፣ ሳቃቸው ከግቢው በር ጀምሮ የሚሰማ ሰው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሳቸው መለኪያ ሊጠግኑ ወደ ኡካ ሄደዋል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነኝ፣ ሰማዩ እመኑኝ ጥርት ብሏል፣ በመስኮት ሳይ ባጃጆቹ አቧራ እያስነሡ ነው፣ ድንገት ሶፍትዌሩ ጮኸ። ከኡካ መለስ ብሎ፣ መንገዱ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቀይ ክብ፣ መሐሏ ወይን ጠጅ፣ ይህ ማለት በረዶ ያዘለ ደመና ነው። ስህተት መስሎኝ ዘግቼ ከፈትኩት፣ አለ። ቀጣዩ ምስል መጣ፣ አሁንም አለ፣ ቀስት ግን የለውም፣ ወዴትም አይሄድም፣ ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።

ጋሼ ግርማ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የት ደረሱ?»

«ኡካ ልገባ ነው፣ አንድ ቤት ደጃፍ ቆሜ ላቤን እየጠረግኩ፣ ምነው?»

«ደመና የለም?»

«የምን ደመና! ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ነው እኮ!»

ይስቃሉ። እኔ ግን ከሳቃቸው ጀርባ ሌላ ነገር ሰማሁ፣ መጀመሪያ እንደ ጠጠር ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ሆነ፣ እሱን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ከሌላ ድምፅ ጋር አይምታታበትም። ከበረዶው ውስጥ ደግሞ በር ይደበደባል፣ «ክፈቱልኝ! ናፍ በና! ስለ እናታችሁ ክፈቱልኝ!» የሚል ጩኸት በአማርኛም በኦሮምኛም ተከተለ፣ ወገኖቼ፣ ድምፁ የራሳቸው የጋሼ ግርማ ነው፣ እሳቸው ደግሞ በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው ስልክ፣ «ስማ እንጂ፣ ለማታ ሥጋ እንብላ?» እያሉኝ ነው።

«ማነው የሚጮኸው ጋሼ?»

«የሚጮህ የለም፣ ጭጭ ያለ አገር ነው። ቆይ፣ የቤቱ ሴትዮ በሩን ከፈተች፣ አፍጥጣ ታየኛለች፣ ሰላም ልበላት። አካም ጅርቱ፣ አዴ!»

ስልኩ ተቋረጠ።

ማታ በሰላም ተመለሱ፣ ሥጋውንም በላን፣ እኔን የቢሮው መሳቂያ አደረጉኝ።

ሳምንት ሳይሞላ የኡካው መለኪያ እንደገና ተበላሸ ተባለ። ከመነሣታቸው በፊት ምስሎቹን አየሁላቸው፣ ሳተላይቱም ራዳሩም ባዶ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ የለችም። «ዛሬስ በረዶ አላዘዝክልኝም?» ብለውኝ እየሳቁ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ከኡካ ተደወለ፣ ኃይለኛ በረዶ ወርዶ፣ ጋሼ ግርማን ክፈቱልኝ እያሉ በቆሙበት ሰው ደጃፍ ላይ መብረቅ መቷቸዋል፣ ሞተዋል። የዚያን ሰዓት ምስል ደጋግሜ ከፈትኩት፣ እዚያ ቦታ ላይ ደመና የለም፣ ዛሬም ብትከፍቱት የለም።

ከቀብሩ በኋላ ያን ቤት ፈልጌ ሄድኩ፣ በንዴት ነበር የሄድኩት፣ ሰው በራችሁ ላይ እየለመነ እንዴት አትከፍቱም ልላቸው። የቤቱ እመቤት እትዬ አስካለ አስገቡኝና አስቀመጡኝ፣ ጩኸቴንም እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ በመጀመሪያው ቀን ከፍተን ነበር እኮ» አሉኝ። «በረዶ ጣራችንን ሲቀጠቅጥ፣ ሰው ክፈቱልኝ እያለ ሲያለቅስ ሰምተን ብንከፍት ፀሐይ ነው፣ እሳቸው በስልክ እየሳቁ ቆመዋል። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ያው በረዶ፣ ያው ለቅሶ። እንከፍታለን፣ ማንም የለም። ልጆቼ እህል አንበላም አሉ። በመጨረሻ ባለቤቴ ከእንግዲህ ማንም እንዳይከፍት ብሎ ማለ። ያን ቀንም የለመድነው መስሎን ጆሯችንን ይዘን ተቀመጥን። ብዙ ለመኑን ልጄ። ኋላ ዝም ሲሉ፣ እፎይ አልን።»

ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ፣ ቤቱ በር እንደሌለው ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ ማጠፊያው ብቻ ተንጠልጥሏል። ባለቤታቸው ነቅለው አቃጥለውታል አሉኝ፣ ዳግመኛ የሚዘጋ ነገር እንዳይኖር።

በዚህ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባዶው ደጃፍ ላይ ተንኳኳ። እንጨት ነው የሚንኳኳው፣ አልተሳሳትኩም። እትዬ አስካለ አልደነገጡም፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፣ ትልቅ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ ብለው፣ «ክፍት ነው ጌታዬ፣ ይግቡ፣ ይግቡ» አሉ።

ማንኳኳቱ እየበረታ ሄደ።