ጅራቱን ያስቀደመው

አሰብ ላይ ከቀትር በኋላ ሥራ የሚሠራ ሰው የለም፤ አለ የሚል ካለ አሰብን አያውቃትም። ሱቁ ይዘጋል፣ ወደቡ ጭጭ ይላል፣ ውሾቹ ሳይቀሩ ከተገለበጠ ጀልባ ሥር ገብተው ምላሳቸውን ያወጣሉ። ስንዱ ግን በዚያ ሰዓት በዓሣ ጥናት ጣቢያው የጓሮ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ተከርችሞ፣ በአንዲት አምፖል ብርሃን፣ ሳፋዎቿን ከፊቷ ደርድራ እባብ ዓሣ ትለያለች። ክፍሉ የፎርማሊን ሽታ አለው፤ ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ባሕሩ ሲሸሽ ጥሎት ከሚሄደው ጥቁር ጭቃ ጠረን ጋር ተደባልቆ ቀሚስ ውስጥ ይገባል፣ ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ ቢያጥቡት አይለቅም። እሷ ለምዳዋለች። ደመወዝ የሚከፈላት ለዚሁ ነው።

ሥራው እጅ እንጂ ፊደል አይፈልግም። ጀልባው ከባሕሩ ወለል በአካፋ የዛቀውን አሸዋ ያመጣል፣ አሸዋው በወንፊት ይነፋል፣ የቀረውን እሷ አንድ በአንድ እያነሳች ጅራቱን በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች። ጅራቱ ለስላሳ ሆኖ ዙሪያውን ስስ ክንፍ ካለው በቀኝ ሳፋ ይገባል። ክንፍ የሌለው፣ ጫፉ እንደ ቀንድ የደረቀና የሾለ ከሆነ በግራ። እንደ ክር የቀጠኑት፣ ዓይናቸውን ቆዳ የጋረደው፣ ራሳቸውና ጅራታቸው የቱ እንደሆነ የሚያደናግሩት ደግሞ ለብቻቸው በትንሹ ሳፋ ይቀመጣሉ። አንዳንዴ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ፣ እንደ መስታወት ከወዲያ ወዲህ የሚያሳይ ነገር ይገኛል፤ እሱ ልጃቸው ነው። አድጎ ወደ አሸዋው እስኪገባ ድረስ ባሕሩ ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ሁሉ የነገራት የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ኅሩይ ነው፤ ገና ጢሙ ያልጠና፣ ግን ደህና ልጅ።

«ክንፍና ቅርፊት የሌለው ምኑ ነው ዓሣ?» ትለዋለች ሲሰለቻት። «እባብ ነው። ጉድጓድ ይገባል፣ እርስዎ ደግሞ ዓሣ ነው እያሉ በጠርሙስ ይከቱታል።»

«እባብ ጉድጓድ የሚገባው በጭንቅላቱ ነው፣ እትዬ ስንዱ። እነዚህ ጅራታቸውን ነው የሚያስቀድሙት። በጅራታቸው ይበሳሉ፣ ጭንቅላታቸው መጨረሻ ላይ ይከተላል።»

«ታዲያ የሚሄዱበትን በምን ያዩታል?»

«አያዩትም። ጥለውት የሚሄዱትን ነው የሚያዩት።»

ያን ዕለት ሳቀችበት።

ባሏ ዘገየ ወደብ ላይ የጭነት ማንሻ ነጂ ነበር፤ የመንዝ ሰው፣ ትከሻው የበር መቃን የሚሞላ፣ ጥሬ ሥጋ ካላገኘ ጾሙ የተፈታ የማይመስለው። የዚያን ዓመት ፋሲካ ከደጋ በሬ ጭኖ የሚወርደው መኪና መንገድ ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ በዶሮና በቆርቆሮ ሥጋ በዓሉን ሲያሳልፍ ዘገየ አልጋው ላይ ተጋድሞ እንደ ሕፃን ያኮርፍ ጀመር። ስንዱ አላስቻላትም። ዶክተር ኅሩይ ለክቶ የጨረሰውን አንድ ትልቅ አፈ ሰፊ ዓሣ ለምና ወሰደች።

«ሥጋውን ቀቅላችሁ ብሉት» አላት። «ሆድ ዕቃውን ግን ይጣሉት። ይህ ዓሣ ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ ነው።»

የደጋ ሴት ጨጓራ ትጣል? ተማረ ማለት እንዲህ ነው አለች በልቧ። ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች፤ ሙቀቱ እንዳይገባ መስኮቱም ተዘግቷል፣ በጣውላው ስንጥቅ ብቻ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን መሬቱ ላይ ይወድቃል። ጨጓራውን በሎሚና በጨው አሽታ አጠበችው፣ ከጉበቱ ጋር አድቅቃ ከተፈችው፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ለወሰችው፣ ጥሬውን ዱለት አድርጋ አቀረበችለት። እሷ ሲዳስሱት የዋሉትን ነገር መብላት አትወድም፤ ግን ፋሲካ ነውና ጠቅለል አድርጋ አጎረሰችው።

ዘገየ አፉን ዘግቶ ቀና አለ። መንጋጋው አልተንቀሳቀሰም።

«ምነው?» አለችው።

«ሳላኝከው ወረደ።»

«ሆዳም ስለሆንክ ነዋ።»

«አልዋጥኩትም ስልሽ። ራሱ ነው የወረደው።»

ተያይተው ሳቁ። ሁለተኛውን ጉርሻ እኔ ላጉርስሽ ቢላት አፏን ዞር አደረገች፤ ጣባውን ብቻውን ጠረገው።

መጀመሪያ የተለወጠው ጨው ላይ ነበር። ወጡ አልጣፈጠኝም እያለ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ስንዱ ቀምሳ ትተፋዋለች። ቀጥሎ ውሃ ጠላ፤ በዚያ የእሳት አገር፣ ሰው ብርጭቆ ከአፉ በማያወርድበት፣ ውሃውን አፉ ውስጥ ይዞ ቆይቶ ይተፋዋል። ትንፋሹም ሌላ ሆነ። ከጎኑ ጋደም ስትል ያ የሥራ ቤቷ ሽታ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ጥሎት የሚሄደው የጥቁር ጭቃ ጠረን ያውዳታል፤ ከቀሚሷ መስሏት ተነሥታ ሌላ ለበሰች፣ ገላዋን በሳሙና ፈተገች፣ ተመልሳ ስትተኛ ሽታው እዚያው ከእሱ አፍ ውስጥ ሞቅ ብሎ ይጠብቃታል።

ከዚያ ድምፁ መጣ። የቀትር ዕረፍት ነው፤ ቤቱ ጨልሟል፣ ከውጭ የሚሰማ ነገር የለም፣ ዘገየ በገመድ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ ያንኮራፋል፣ ስንዱ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ከማንኮራፋቱ ሥር አንድ ሌላ ድምፅ አለ፤ ጠጠር በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በቀስታ ሲፈተግ የሚመስል፣ ጥቂት ቆፍሮ የሚያርፍ፣ ደግሞ የሚጀምር። አይጥ ነው ብላ ተነሥታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ብርሃኑ የዘገየ ሆድ ላይ ሲወድቅ ቆዳው ከእምብርቱ በላይ አንድ ጊዜ ሰርጎድ አለ፣ ድምፁም ተቋረጠ።

«ዝጊው» አላት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ብርሃን ሲገባ ይሸሻል።»

«ምኑ ነው የሚሸሸው?»

«ኮሶዬ ነዋ። ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

ኮሶ ለዘገየ አዲስ እንግዳ አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጥሬ ሲበላ ኖሮ በየጊዜው እየጠጣ ሲያወጣው ኖሯል። ሐኪም ቤት ሂድ ብትለው ሄደ፣ ሆዱን ጫን ጫን አድርገው ክኒን ሰጡት፣ ክኒኑ ምንም አላደረገም። ሥጋው እየሟሸሸ የዚያ የትከሻው ቆዳ እንደ ሰው ልብስ ተንጠለጠለበት። ወደብ ላይ ማንሻውን ለሌላ ሰው አስረከቡት። ስንዱ በዚህ አገር ከእሱ በቀር ዘመድ የላትም፣ ልጅም አልወለደች፤ እሱ ከሄደ ባሕሩና ጠርሙሶቹ ናቸው የሚቀሯት። ይህን እያሰበች ጅራት ትዳስሳለች።

አንድ ቀን ዶክተር ኅሩይ ሌላ አፈ ሰፊ ዓሣ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ሲቀድ ጠራት። «ይምጡ፣ የእርስዎን እባብ ይዩ» አላት።

ዓሣው ወፍራም ነበር፣ ስቡ ነጭ፣ ሥጋው ጤነኛ። ጨጓራውን ግን ሲያነሣው ጎኑ ላይ የዳነ ጠባሳ አለ፤ ከጨጓራው ውጭ፣ ከአከርካሪው ጋር ተጠጋግቶ፣ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ አንድ ጠቆር ያለ ደረቅ ገመድ ተኝቷል። ዶክተሩ ሽፋኑን በመቀስ ጫፍ ገለጥ ሲያደርገው ጥርስ ታየ።

«ከነሕይወቱ ውጦት ነው» አለ። «ሆድ ውስጥ ሲገባ አሸዋ መሰለው። በጅራቱ በስቶ ወጣ፣ መሄጃ አጣ፣ እዚያው ደረቀ።»

«ዓሣውስ?»

«ዓሣው ምን ይሆናል? ይበላል፣ ይዋኛል። እንዳለበትም አያውቅ።»

«ሲበሳው አያመውም?»

«እስኪያልፍ ነዋ። ጨጓራውን ካለፈ በኋላ ምን ይሰማዋል ብለው ነው?»

ስንዱ ጥርሱን ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር የምትጠይቅ መስላ፣ «ሰውስ ቢውጠው?» አለች።

ልጁ ሳቀ። «ሰው አኝኮ ነው የሚበላ፣ እትዬ ስንዱ። ደግሞስ ባሕር ካልሆነ የት ይኖራል?»

ያጎረሰችበት እጇ ከመዳፏ እስከ ክርኗ በረዳት። አልነገረችውም። ሆድ ዕቃውን ጣይ ተብላ ያልጣለች ሴት ምን ብላ ትናገር?

ቤቷ ስትገባ ለዘገየ ነገረችው፤ ግማሹን ነው የነገረችው፣ የጨጓራውን ነገር ዋጠችው።

«እባብ ዓሣ እኔ ሆድ ውስጥ?» አላት። ከሳቁ ጋር ያ ሽታ ወጣ። «መንዝ ብትሰማሽ ጉድ ነው የምትልሽ። ከደጋ የሚወርደው ሾፌር ኮሶ ይዞልኝ መጥቷል፤ ነገ በባዶ ሆዴ እጠጣለሁ፣ ያን ጊዜ ምን እንደነበር ታይዋለሽ።»

«አትጠጣ» አለችው። «ቢቆጣስ?»

«ማን? ኮሶ ይቆጣል እንዴ? ሴትዮ፣ ያ ፎርማሊን አናትሽ ላይ ወጥቷል።»

ደግሞም እውነት ኮሶ ቢሆንስ? ስንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይኼን ተስፋ እንደ ክታብ ይዛ አደረች። ሲነጋ ራሷ ወቀጠችው፣ ራሷ በውሃ በጠበጠችው፣ ቀዩን መራራ ጣሳ ራሷ ሰጠችው። ዘገየ አፍንጫውን ይዞ ግጥም አደረገው፤ ወደ ላይ ሲለው ጥርሱን ነክሶ መለሰው፣ እንደ ደንቡም ሳይናገር ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ድምፁ ጀመረ። እንደ ወትሮው እያረፈ አልነበረም። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ መሬቱን አረጠበው፣ ቤቱን የባሕር ዳር ጭቃ ሽታ ሞላው። ስንዱ መዳፏን ሆዱ ላይ አሳረፈች። ከመዳፏ ሥር አንድ ነገር አለ፤ እንደ ትል አይጥመዘመዝም፣ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ አንዲት ቦታ ይወጋል፣ ያርፋል፣ ያችኑ ቦታ ይወጋል። እጇን ልታነሣ ፈለገች፣ እሱ ግን አንጓዋን ይዞታል። ከዚያ ዘገየ «እህ» አለ፣ በጣም አሳንሶ፣ ሰው እሾህ ሲነቀልለት እንደሚለው፤ መዳፏ ሥርም ያ የሚወጋው ነገር ወደ ውስጥ ራቀና ጠፋ።

ሆዱ ረገበ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጓሮ ሮጠ፣ እያነከሰም እየሳቀም ተመለሰና ነይ እዪ ብሎ እጇን ጎተታት። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ በቁርጥ በቁርጥ የተቀጣጠለ፣ ደጋ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የደጋ ኮሶ።

«ይኸውልሽ እባብ ዓሣሽ» አላት። «ሂጂና ለዶክተርሽ በጠርሙስ ክተቺለት።»

ስንዱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ሳቀችም። ፍርፍር ሠራችለት፤ አንድ ሰሐን ጨርሶ ሌላ ጠየቀ። ውሃ ጠጣ፣ ጣፋጩን ውሃ፣ አንድ እንስራ የሚያህል። ትንፋሹን አሸተተችው፣ የሰው ትንፋሽ ነው። ጆሮዋን ሆዱ ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየች፤ እህል ከመንጎርጎሩ በቀር ምንም የለም። ሆዱን ወዲያም ወዲህም ጫነችው፣ ለስላሳ ነው፣ አያመውም።

በሳምንቱ ቀትር ላይ ልብስ አጥባ የእጣቢውን ውሃ ደጅ ደፍታ ስትመለስ ቤቱ እንደ ወትሮው ተዘግቶ ጨልሟል። ዘገየ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተጋድሟል፤ ያ ሰፊ ጀርባው በጨለማው ውስጥ ነጣ ብሎ ይታያል።

«ስንድዬ» አላት በእንቅልፍ ድምፅ፣ «እስቲ ጀርባዬን እከኪልኝ። ከትከሻዬ ሥር ነው።»

«ቆይ፣ እጄ ውሃ ነው» አለችው።

እሱ ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀና ትከሻውን በደስታ ሰበቅ አድርጎ «እሱ ነው፣ እዚያው ላይ፣ አታቁሚ» አላት፤ ስንዱ ግን ገና በሩ ላይ ቆማ እጇን በቀሚሷ ጫፍ እያደረቀች ነበር።