ያልደረቀው ቀለም

አቶ ጥሩነህ የኮልፌን ያረጀ የቆዳ ሶፋ ሁሉ ሲያድሱ ኖረው፣ ሰኞ አመሻሽ ላይ በገዛ ወርክሾፓቸው ሲሚንቶ ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ያገኟቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኘ ናቸው። ኢንስፔክተር ወለተጻድቅ ስትደርስ ጎረቤቱ «አዳልጧቸው ነው» ብሎ ፈርዶ ጨርሷል። ጎረቤት መቼም ለፍርድ ፈጣን ነው። እሷ ግን በግንባሩ የተደፋ ሰው ማጅራቱ እንደማይፈነከት ታውቃለች።

ሬሳው አጠገብ አንድ የተሰነጣጠቀ የቆዳ ወንበር ቆሟል። የክንዱ ማሳረፊያ ላይ ብቻ መዳፍ የምታህል ቦታ ቡናማ ቀለም ተቀብታ ታብለጨልጫለች። በጣቷ ነካችው፤ ያጣብቃል። ጣቷን ብታሸተው የኮኮናት ሽታ አለው።

«ይሄ ወንበር መቼ መጣ?»

«ዛሬ ሰባት ሰዓት፣ ደንበኛው ራሱ ነው ያመጣው» አሉ ተናኘ። ከዚያ እያለቀሱ ጣታቸውን ወደ ሠራተኛው ወደ ባሮክ ቀሰሩ። «ወንበር ወንበር ምን ትይኛለሽ? እሱ ነው! አስኮ ሄጄ የራሴን ወርክሾፕ ልክፈት ብሎ ቅዳሜ ሲጨቃጨቃቸው ነበር!»

ባሮክ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ወላጅ የለውም፤ ሙያውንም እንጀራውንም ያገኘው ከጥሩነህ እጅ ነው። አሥር ሰዓት ላይ በሕይወት ትቻቸው ወጣሁ ቢልም የሚመሰክርለት አልነበረም። ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ።

ማክሰኞ ጠዋት ወለተጻድቅ ጣቢያ ጠየቀችው።

«የቆዳ ቀለም በስንት ጊዜ ይደርቃል?»

«በአንድ ሰዓት። ግን መጀመሪያ ቆዳው በአልኮል ይጸዳል፣ ስንጥቁ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ቅባት ከነካው ግን አለቀ፤ ሲያጣብቅ ይኖራል። ጋሼ ቅባት ካዩ ያብዳሉ።»

«ማን ነው ታዲያ የሚቀባው?»

«የኔሰው ነዋ! እኛ ያደስነውን ጦር ኃይሎች ያለው ሱቁ ወስዶ የሚሸጠው።»

የኔሰውን ሱቁ ውስጥ አገኘችው። እያነጋገራት እንኳ እጁ አላረፈም፤ በቅባት የራሰ ጨርቅ ይዞ ሶፋ ያሻል። ሱቁ ኮኮናት ኮኮናት ይላል።

«ሳያብለጨልጭ ማን ይገዛል ብለው ነው?» አለ እየሳቀ።

«ወርክሾፑ የሄዱት መቼ ነው?»

«ኧረ እኔ! ሁለት ሳምንት አለፈኝ።»

ረቡዕ ሁሉንም ወርክሾፑ ሰበሰበቻቸው። ባሮክ እጁ በካቴና እንደታሰረ ቆሟል። ወለተጻድቅ ጥጥ አንስታ የወንበሩን ክንድ ጠረገች፤ ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተገፈፈ። ከሥሩ ደም ነበር። ተናኘ አፋቸውን ያዙ።

«ገዳዩ ወድቀው የሞቱ ሊያስመስል ፈልጓል» አለች። «ወንበሩ ላይ የተረጨው ደም ግን ያሳጣዋል፤ ስለዚህ ቀለም ቀባበት። ባሮክ ቢሆን መጀመሪያ በአልኮል ይጠርገው ነበር። ይሄ ሰው አልጠረገም። ጭራሽ ቀለሙ ላይ ቅባት አሸበት። ሁለት ቀን ሙሉ ያልደረቀው ለዚህ ነው።»

«ቅባቱን ደንበኛው ቀብቶት ይሆናላ» አለ የኔሰው።

«ቅባቱ ከቀለሙ በላይ ነው። ወንበሩ የመጣው ሰኞ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሁለት ሳምንት አልመጣሁም ብለውኛል። ታዲያ ዛሬ ጠዋት ከሱቅዎ ያነሳነው ጨርቅ ላይ ይሄ ቡናማ ቀለም ከየት መጣ?»

የኔሰው እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ባለቤቴ፣ የኔሰው ፕላስቲኩን ቆዳ ነው እያለ በስሜ ይሸጣል፣ ለገዢዎቹ እነግራለሁ ብለውኝ ነበር» አሉ ተናኘ ቀስ ብለው። «እሁድ ነው የነገሩኝ።»

«ሊያዋርደኝ ነበር!» ጮኸ የኔሰው። ከዚያ ድምፁ ሟሸሸ። «ቀለሙን ቀብቼ ልወጣ ስል… ኪሴ በነበረው ጨርቅ እጄ ነው ያሸው። እኔ አላሰብኩትም። እጄ ለምዶብኝ ነው።»

ካቴናው ከባሮክ ወጥቶ ለየኔሰው ገባ። ተናኘ ባሮክ እግር ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ ቀድሞ ያዛቸው። ኮልፌ ወጥቶ ጥሩነህን ሲቀብር እሱ ተቆልፎበት ነበር፤ አባት ለሆኑት ሰው አንድ እፍኝ አፈር አላለበሰም። ወለተጻድቅ ይቆጣል ብላ ጠበቀች።

«እትዬ» አለ ባሮክ፣ «የት ጋ ነው ያስቀመጣችኋቸው? ያሳዩኝ።»